አንዱን ዓይን ለመንገድ

ልጄ ከውጭ አገር የላከችልኝ የዓይን ጠብታ በስተርጅና የተሳነንን የቅርብ ንባብ ያለ መነጽር ይመልሳል። ሐኪሙ በሁለቱም ዓይኖቼ እንድጨምረውና ሲመሽ ርቀት መገመት ስለሚያስቸግር እንድጠነቀቅ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ቀኙ ያንብብ፣ ግራው መንገዱን ይጠብቅ ብዬ በቀኙ ብቻ አደረግሁት። ጋዜጣው ጠርቶ ተነበበልኝ፤ በዘዴዬም ረካሁ።

አመሻሽ ላይ ከባለቤቴ ጋር ከቦንጋ ገበያ ስንመለስ ከቤታችን በታች ካለው ወንዝ ደረስን። መሻገሪያው ዝናብ ያራሰው አንድ ግንድ ነው። ሁለቱ ዓይኖቼ አልስማማ ብለው ግንዱ አንዴ ቀረበኝ፣ አንዴ ራቀኝ። ረገጥሁት ያልሁት እግሬ አየር ረገጠ፤ ባለቤቴ ኮቴን ከኋላ ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ምነው፣ ግንዱ ሸሸህ እንዴ?»

«ጠብታውን ያደረግሁት በአንድ ዓይኔ ብቻ ነው» አልኋት።

«ሁለተኛውን ለማን ቆጥበህ?»

ልስቅ ፈለግሁ፤ ግን ከታች የሚጮኸው ውኃ ምን ያህል እንደሚርቅ መለየት አልቻልሁም። በዚህ ዕድሜዬ ግንዱ ላይ እንደ ፈረስ ተቀምጬ፣ በመዳፌ እየዳሰስሁ ተሻገርሁ። ማዶ ደርሼም መሬቱን በእግሬ ደጋግሜ ሳልነካ ለመነሣት አልደፈርሁም።