ያገላበጥኩት ሽቦ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬንም፣ ሰው ማማቴንም፣ ጎረቤት መስደቤንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ምላሴ እንደሆነ ሹል ነው፣ እሱንም ያውቃሉ። ይቺን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለማያውቁኝ መናገር ሳይቀለኝ አይቀርም። ፈሪ ነኝ፣ ከዚህ ጀምሩ።

በደርግ ጊዜ እኔና ዘከሪያ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ነበርን። እኔ ባሌ የሞተብኝ የባቡር ሠራተኛ ሚስት፣ እሱ የፊዚክስ አስተማሪ፣ ወንደላጤ። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ሲወጣ የክፍሉን ቁልፍ ለእኔ ይሰጣል። ድሬ መቼም አንቱታ ብሎ ነገር የለም፤ «እትዬ፣ አንቺ እኮ እናቴ ነሽ» ይለኛል። ምነው ባላለኝ!

ዘከሪያ አጎቱ ከጅቡቲ ብትንትኗን የላከለትን ኮምፒዩተር ራሱ ገጣጠማት። ኮምፒዩተር ስላችሁ አሁን በየቢሮው ያለውን እንዳታስቡ፤ ከመዳፍ ትንሽ የምትሰፋ፣ ልብስ የሌላት አረንጓዴ ሰሌዳ ናት። እያንዳንዷን የሽቦ እግር ሰሌዳዋ ላይ ሲበይድ ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። ከአሮጌ ቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ሲያበራት መጀመሪያ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። ፈታ፣ መረመረ፣ መልሶ በየደ። ከስንት መከራ በኋላ አንድ ቀን ጥግ ላይ አንዲት ጥቁር ምልክት ብቅ አለች። «አቦ! ተነፈሰች!» ብሎ ግቢው መሀል ዘለለ። እኔም እልል አልኩ። ያኔ ከልቤ ነበር።

ያስጠነቀቀኝም ያኔ ነው። ኤሌክትሪክ የሚደርሳት በሁለት ሽቦ ነው፣ በቀይና በጥቁር። «እትዬ፣ እነዚህ ከተገላበጡ፣ ወላሂ፣ እዚያው ትሞታለች» አለኝ። ቤቱን ስጠርግ እንዳልነካካ ብሎ ነው የነገረኝ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ ሳምሶን። ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፣ ሁርሶ ጦር ሰፈር አሠለጠኑት፣ ወደ ሰሜን ላኩት። ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። ሞተ የሚለኝ የለ፣ አለ የሚለኝ የለ። የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ የተከለከለው የአማፂዎቹ ራዲዮ የተማረኩ ወታደሮችን ስም ይጠራል። ያንን ሲያዳምጥ የተገኘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ ከመግሪብ፣ ከምሽቱ ሶላት በኋላ በሬን እዘጋለሁ፣ ራዲዮኑን ትራስ ስር እቀብራለሁ፣ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ስም ከነአባት፣ ስም ከነአባት። አንዱ ቢያመልጠኝስ? ያመለጠኝ የእሱ ቢሆንስ?

ዘከሪያ ደግሞ ከመስጊድ ተመልሶ ማሽኗን የሚያበራት በዚያችው ሰዓት ነው። ሲያበራት ራዲዮኔ ዝዝዝዝ ይላል። የፊደል ቁልፎቿን ሲነካካ ጩኸቱ ይለዋወጣል። ከስሞቹ ግማሹ ይዋጣል። ድምፁን ከፍ እንዳላደርግ ከውጭ ይሰማል። ሲያጠፋት ጸጥ ይላል፤ ያኔ ግን ስሞቹ ተጠርተው አልቀዋል።

ታዲያ ለምን አልነገርሽውም ትሉኛላችሁ። ጽሕፈቱ ስለሚያምር የቀበሌው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርገውት ነበር፤ ቢያሳብቅብኝስ? ፈራሁት። ከእጄ የበላውን ልጅ ፈራሁት። አንድ ቀን «ራሴን አሞኛል፣ ዛሬ አታብራት» ስለው እሺ ብሎ ተዋት፤ ከዚያ ሎሚ ጨምቆ መጣና ሰዓቱ እስኪያልፍ አጠገቤ ቁጭ አለ! ሳቁ እናንተ። እኔ ሎሚውን እየጠጣሁ በሆዴ ረገምኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሽቦዎቹን ፈትቶ፣ ጫፋቸውን አጽድቶ፣ መልሶ ሲያስራቸው አየሁት። ቁልፉን ሰጥቶኝ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። ገባሁ። ሽቦዎቹ የታሰሩባቸውን ሁለት ብሎኖች በቢላዋ ጫፍ አላላኋቸው። ቀዩን በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩን በቀዩ ቦታ አሰርኩ። ጥፋቱን በራሱ እንደሚያመካኝ አውቄ ነው ያንን ቀን የመረጥኩት። ወጥቼ ሽንኩርት ላጥኩ።

ማታ አበራት። ቀጭን ጭስ፣ የተቃጠለ ሽታ፣ ከዚያ ዝም። «እትዬ!» ብሎ ጠራኝ። ባትሪ ይዤ ቆምኩለት። ሽቦዎቹን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ገልብጬ አስሬያታለሁ። ግን እኮ አይቼ ነበር... አይቼ አልነበረም?»

«ቸኩለህ ይሆናል ልጄ» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ከሽቦው ይልቅ ይህች ቃል ትብስ ይሆን?

ከዚያ በኋላ በቴስተር እግር በእግር ፈተሻት። የሚለወጠውን ለወጠ፣ የሚበየደውን በየደ። እኔም ባትሪውን ይዤ «እዚህ ጋ እስቲ እየው» እላለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? በመጨረሻ «እጄ አይታመንም» አለና መበየጃውን ለሰው ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ሽቦ ሲነካ አላየሁትም። የራዲዮኔ ድምፅ ጠራ። ሳምሶን ግን አልተጠራም።

አንድ ምሽት የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበር፤ መቅረት አይቻልም። ስመለስ ዘከሪያ በሬ ላይ ቆሟል። ወደ ውስጥ አስገባኝ፣ በሩን ዘጋ፣ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ «ሳምሶን አለ። ተማርኳል። ስሙን ከነአባቱ ጠሩት» አለኝ።

ክንዱን ያዝኩት። «ማን ነገረህ?»

«ራሴ ሰማሁ። ማሽኗ ከሞተች ወዲህ ክፍሉ ጭር ሲልብኝ ራዲዮ እከፍታለሁ። ስለ ሳምሶን ነው የማዳምጠው። በይ፣ አፍሽን ያዢ አቦ።»

እኔ የፈራሁት ሰው አንገቱን መጥቶ በእጄ አስቀመጠው። «አየሽ፣ ባትበላሽ ኖሮ መቼ እሰማ ነበር? ኸይር ነው፣ ለበጎ ነው እትዬ» አለኝ። አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

መንግሥት ሲለወጥ ሳምሶን በሕይወት ገባ። ዘከሪያ ጅቡቲ ሄዶ ጨርቅ ነጋዴ ሆነ። ዛሬም በየበዓሉ ይደውላል። ባለፈው ፋሲካ ሳምሶንን ጠይቆ ሲያበቃ፣ «እትዬ፣ ያቺ ማሽን እስካሁን ትከነክነኛለች። ቀዩን በቦታው ያሰርኩት ይመስለኛል፤ ዓይኔ ላይ አለ» አለኝ። እኔ አሮጊቷ «ተወው አቦ፣ ያለፈ ነገር» ብዬ ዘጋሁ።

ኸይር ነው ያለውን ይዤ ልደበቅበት ስንት ጊዜ ሞከርኩ። እናት ስለሆንኩ ነው እላለሁ። አይሆንም። ብነግረው ኖሮ ማሽኗን አጥፍቶ አብሮኝ ያዳምጥ ነበር፤ አራት ጆሮ እንሆን ነበር።

ይቅር በለኝ አልልህም፣ ዘኪ። ዓይንህ አልዋሸህም። ቀዩን በቀዩ፣ ጥቁሩን በጥቁሩ ነው ያሰርከው። እጅህ የታመነ ነበር።