የአያቴ ስምንት ማዕዘን ቤት

ዛሬ ከኮሌጁ በር አጠገብ ግድግዳ ሲመርጉ የረጠበው ጭድ ሸተተኝና አንኮበር የነበረው የአያቴ ቤት ትዝ አለኝ። አያቴ እንደ ቤተ ክርስቲያን ስምንት ማዕዘን አድርገው ስለሠሩት መንገደኛው ተሳስቶ መቃኑን ይሳለም ነበር። እኔን በር ላይ አስቀምጠው፣ «ሽሮ የሚወጠወጥበት ቤት ነው በያቸው» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት እናት የታመመ ልጇን አዝላ መቃኑ ላይ ስታለቅስ ዝም አልኩ። ልጁ ድኖላት ስለት ይዛ ተመለሰች። ወሬውን የሰሙት ካህናት ቤቱ እንዲፈርስ አዘዙ።

አያቴ ማገሩን እየነቀሉ፣ «ለምን ዝም አልሽ?» አሉኝ።

«አሳዘነችኝ፣ አባባ።»

«እኔም ብሆን ዝም እል ነበር» አሉና መንቀላቸውን ቀጠሉ።

ዘንድሮ ለመስቀል ስሄድ ቦታው ድንች ተተክሎበታል። አንዲት አሮጊት ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲያማትቡ አየሁ። ልነግራቸው ቀረብኩና አሁንም ዝም አልኩ።