ስድስት አፍ ያለው ባትሪ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። አንደኛ እኔ፤ ማንም ሳያስተምረኝ ማንበብ የለመድኩ፣ ለመኪና ድርሻ ስል ጥማድ በሬዎቼን የሸጥኩ ሰው። ሁለተኛ ሸሪኬ፣ የቅቤ ነጋዴው። ሦስተኛ ሾፌራችን። አራተኛ የባለቤቴ አጎት፤ በአሰላ ዙሪያ እሳቸው ሳይጠሩ በሬ የሚገዛ አልነበረም። አምስተኛ አሮጌውን ባትሪ የሸጠልን ጎሚስታ። ስድስተኛ ዋስ የሆነው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ልጆቻቸው ከልጆቼ ጋር ይተዋወቃሉ።

መኪናዋ ኋላዋ በቆርቆሮ የተሸፈነ፣ ትንሽ የንግድ መኪና ነበረች። በገበያ ቀን የእህልና የቅቤ ነጋዴዎችን ከነዕቃቸው ከአሰላ ሳጉሬ ታደርሳለች። የኅዳር ውርጭ ባትሪዋን ገደለው። ያን ሰሞን ቁልቁለት ላይ እየገፋን ስናስነሳት ነጋዴዎቹ፣ "የምንከፍለው ልንገፋ ነው?" አሉን። ለሚቀጥለው ገበያ በራሷ ካልተነሳች በሌላ ካሚዮን ሊሄዱ ቆረጡ። እነሱ ከሄዱ መኪናዋ ባዶ ቆርቆሮ ናት፤ በሬዎቼም በከንቱ ተሸጡ ማለት ነው።

አዲስ ለመግዛት አቅም አልነበረንም። ያገለገለ ፍለጋ ጎሚስታው ዘንድ ስንሄድ ሸሪኬ የባለቤቴን አጎት ይዟቸው መጣ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ባትሪ ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ያገለገለ ነገር አመራረጡ አንድ ነው። በሬም ያረጃል፣ ይኼም ያረጃል።"

ጎሚስታው ሁለት ባትሪ ነበረው። አንዱ ትልቅ ነው፤ ሌላውን፣ ትንሹን፣ እንደ በርጩማ ተቀምጦበታል። አጎት ጎንበስ ብለው ውሃ የሚጨመርባቸውን ክዳኖች በከዘራቸው ቆጠሩ።

"ትልቁ ስንት አፍ አለው?"

"ስድስት" አለ ጎሚስታው።

"የተቀመጥክበትስ?"

"ሦስት።"

ወደ እኛ ዞሩ። "የሞተው የእናንተስ?"

"ሦስት ነው ጋሼ።"

"እንግዲህ ለምን እንደሞተ ገባችሁ" አሉ።

ሸሪኬ ብቻ ከበደው። "ስድስት አፍ ግን ወላሂ ብዙ ይበላል!"

"ውሃ ነው የሚጠጣው" አለ ሾፌሩ፣ "አሰላ ደግሞ ውሃ ሞልቷል።"

ከዚያ አጎት በከብት ገበያ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቁ። ይተኛል? አይተኛም። ያነክሳል? አያነክስም። ይራገጣል? ይህን ሲሉ ሾፌሩ ሽቦ አስነካው፤ እሳት ተረጨና ሁላችንም ወደ ኋላ ዘለልን።

"ይኸው ተራገጠ!" አለ ሸሪኬ።

"የጤናው ነው እንጂ" ብሎ ማለ ጎሚስታው፤ ልብስ ሰፊውንም ከስፌት መኪናው አስነስቶ ዋስ ጠራ። ባትሪው ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር አልገባ ሲል በጠፍር አሰርነው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰው የለመደውን ሚዛን ሲያገኝ የሚለካውን ነገር አይጠይቅም።

በገበያው ቀን ጎህ ሳይቀድ ነጋዴዎቹ ከነጆንያቸው ተሰበሰቡ። ሾፌሩ ቁልፉን ሲነካው መኪናዋ አጓርታ ተነሳች። "ወንድ ነው!" አሉ አጎት። መብራቷ በርቶ የማያውቀውን ያህል በራ፣ አካባቢውን ቀን አስመሰለው። እልል ያለችም ሴት ነበረች። ወዲያው መብራቶቹ ተራ በተራ ፈነዱ። ሾፌሩ ጨለማ ውስጥ ሰው እንዳይገጭ ጡሩንባ ቢነፋ ጡሩንባው አልቆምም አለ። የሰፈሩ ውሻ ጮኸ፣ የጭነት አህዮች ገመድ በጠሱ፣ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ወጣ። ነጋዴዎቹ ጆንያቸውን መልሰው አወረዱ። "አብዳለች፤ ከዕብድ ጋር ሳጉሬ አንሄድም!"

ሾፌሩ ጠፍሩን በቢላ ቆርጦ ሽቦውን ነቀለው። ባትሪውን ተሸክመን ጎሚስታው በር ላይ ደረስን።

"ምን ጠይቃችሁኝ ነበር?" አለ። "ይተኛል ወይ አላችሁ፤ አይተኛም አልኩ። ይኸው እንኳን ሊተኛ ከተማውን ቀሰቀሰ። ለየትኛዋ መኪና እንደሆነ የነገረኝ ማነው? ስድስት አፍ የሦስቱ እጥፍ ጉልበት አለው። እኔማ ካሚዮን የገዛችሁ መስሎኝ!"

"እኔም ዋስ የሆንኩት ለድካሙ ነው" አለ ልብስ ሰፊው። "ለጉልበቱ አልተዋስኩም።"

ሁላችንም አጎትን አየናቸው። የገዛ ሕጋቸው አሰራቸው።

"እውነት ነው። በሬ በጉልበቱ አይመለስም" አሉ።

እኔ በሬዎቼ ትዝ ብለውኝ አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ ዓይኔ ጎሚስታው ከተቀመጠበት ላይ አረፈ። ሦስት አፍ።

"በሬ በበሬ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም ጋሼ?" አልኩ።

"ይለወጣል!" አሉ፣ ከእስር እንደተፈታ ሰው።

ጎሚስታው፣ "በምን ልቀመጥ?" እያለ ተነሳ። ትንሹ ባትሪ ቦታው ላይ ልክክ አለ፤ መኪናዋም እንደ ሽማግሌ ሦስቴ ሳል ሳል አድርጓት ተነሳች። ካሚዮኑ ከነጋዴዎቹ ግማሹን ወስዶ ነበር፤ የቀሩት ተሳፈሩ። ጡሩንባው ተቃጥሏልና ሾፌሩ እስከ ሳጉሬ ድረስ በሩን በጡጫ እየደበደበ መንገድ አስለቀቀ።

ብርቱ ነገር ሁሉ ይስማማል ማለት አይደለም። ይህን ልጆቼን ስድር ነግሬያቸዋለሁ፤ አልሰሙኝም።

ባትሪው ሠላሳ ብር፣ አምፖሎቹ ሰባት፣ ጡሩንባው ዘጠኝ። ጎሚስታውና ልብስ ሰፊው ለእርቁ ምሳ አምስት ብር አዋጡ፤ ለጎሚስታው በርጩማ ደግሞ አጎት አንድ ብር ከኪሳቸው ከፈሉ። አንዱ በሬዬ የተሸጠው በሃምሳ ብር ነበር። ይህ ሁላችንን ያስወጣን ሃምሳ ሁለት ነው።