ሚዛን ሦስት ሞተር የሞከረበት ጠዋት

ሚዛን ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራው የሰው ሞተር መሞከር ነው። አንድ ሰው ፈጣን የስፖርት ሞተር ሊገዛ ሲያስብ መጀመሪያ እሱ ጋ ያመጣዋል። ሚዛን ይነዳዋል፣ ይወርዳል፣ ሁለት ሦስት ቃል ይናገራል፣ በቃ ነገሩ አለቀ። «ይሄ ላንተ አይሆንም» ካለ አይሆንም ነው። ሻጮች በምሳም በማስፈራራትም ሞክረውታል። ወይ ፍንክች!

አንድ ልማድ አለው። የማያውቀውን ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ይቀመጥበትና ዓይኑን ይጨፍናል። ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን እየነካካ፣ ማርሹን በግራ እግሩ ሃያ ጊዜ ያህል ይመታዋል። «ሰላምታ» ይለዋል። «ምነው፣ ጸሎት ነው እንዴ?» እያሉ ሲስቁበት፣ «ራስ አንዴ ከነገሩት ይሰማል። እግር ግን ደንቆሮ ነው፣ ሃያ ጊዜ ካልነገሩት አይገባውም» ይላቸዋል።

ሰላምታውን ለአንድያ ልጁም አስተማራት። ሚስቱን ብትጠይቁ ጥፋቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ልጅቷ ዛሬ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ የእሽቅድምድም ቡድን ሊፈትናት ጠርቷታል። የቡድኑ አለቃ ሦስት ሞተር አቅርቧል። አንዱን መርጣ ሦስት ዙር ትነዳለች፤ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ከአንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ በታች ከጨረሰች ገባች፣ ካልሆነ ደህና ሁኚ ነው። አባቷ ቀድሞ እንዲሞክርላት ለመነች፤ አለቃውም ሚዛንን ስለሚያውቀው እሺ አለ።

ጠዋት ከቤት ሲወጡ ሚስቱ በር ላይ እጁን ያዘችው። ሚዛን ቀኝ ጭኑ ውስጥ ብረት አለ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከሞተር የወደቀ ጊዜ ስምንት ወር ሙሉ እንደ ሕፃን ያጠበችውና ያገላበጠችው እሷ ናት።

«ስማ፣ የማይሆነውን ንገራት» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምን?»

«ሰምተኸኛል። ከሦስቱ ዘገምተኛውን፣ ይሄ ያንቺ ነው በላት። ፈተናውን ትወድቅና ታለቅሳለች፣ ግን በእግሯ ትመለሳለች። ለቅሶዋን እኔ እችለዋለሁ። ዋሽተህ እንደማታውቅ አውቃለሁ። ለልጅህ ስትል አንድ ቀን ዋሽ።»

ሚዛን ራሱን በእሺታ ነቀነቀላት።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ልጅቷ አጥሩ ጋ ቆማ ጓንቷን ታጣምማለች። ሚዛን ከነጩ ጀመረ። ሺ ሲሲ ነው፣ ከሦስቱ ጉልበተኛው። ሰላምታውን ሰጥቶት ወጣ። ነጩ ጋዝ ስትሰጠው ሳይሆን ልትሰጠው ስታስብ ነው የሚሄደው። ቀጥታው መንገድ ላይ ጋዙን ጠምዘዝ ሲያደርገው የፊት ጎማው ከመሬት ተነሳ፣ ክንዱ ከትከሻው የሚነቀል መሰለው። ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ እጁ ላይ ወደቀ። ለጠና ሰው እንኳ ከባድ ነው፣ ሃምሳ ኪሎ ለማትሞላ ልጅማ ተዉት። «ይሄ ይነዳታል እንጂ አትነዳውም» አለ በልቡ።

ጥቁሩ ባለሁለት ሲሊንደር ነው። ገራገር! ከታች ጀምሮ ዱብ ዱብ እያለ ይጎትታል። ማርሽ ብትሳሳት ይቅር ይልሃል፣ ጋዝ ብታበዛበት አይቆጣም። ሥራ መሄጃና መመለሻ ቢሆን ሰው ምን ሌላ ይፈልጋል? ረጅሙ ቀጥታ ላይ ግን ትንፋሹ አለቀ። ሚዛን እየለመነው ጨረሰና ሰዓቱን አየ። ማንም ቢቀመጥበት ከአንድ ከአርባ አይወርድም። ሚስቱ ያዘዘችው ሞተር ይኸውና። ደስ ሊለው ሲገባ ከፋው።

ቀረ ቀዩ፣ ስድስት መቶ ሲሲው። «ጋሼ፣ የቀዩ ማርሽ ግልብጥ ነው» አለው የቡድኑ መካኒክ። በተራ ሞተር ላይ ወደሚቀጥለው ማርሽ ለማለፍ በእግር ጣት ወደ ላይ ማንሳት ነው። ተወዳዳሪ ግን መታጠፊያ ላይ ወደ ግራ ሲያጋድል እግሩን ከማርሹ ሥር የሚያስገባበት ቦታ ስለሚያጣ ያገለብጡታል፤ ወደ ታች ሲጫኑት ይጨምራል፣ ወደ ላይ ሲያነሱት ይቀንሳል።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለና ተቀመጠ።

ዓይኑን አልጨፈነም። ለልጁ የሚነግራት ውሸት ስላስጨነቀው ቶሎ ልገላገል ብሎ አስነስቶ ወጣ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ሰውዬው ይሄን ተረት ለስንቱ ጎረምሳ ነግሯል!

በመጀመሪያው ዙር እያሰበ ስለነዳ ምንም አልሆነ። ቀዩ ከታች እንቅልፋም ነው፣ ጋዝ ብትሰጠው ያዛጋል። የሞተሩ የሽክርክሪት ቆጣሪ አሥር ሺን ሲያልፍ ግን ጮኸ፣ ነፍስ ዘራ። ዓይንህን ወደጣልክበት ይሄዳል፣ መሪውን መግፋት እንኳ አያስፈልግም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ክብደቷ ቀላል የሆነች ነጂ፣ መታጠፊያ ውስጥ ፍጥነቱን የማትጥልበት። ሚዛን እንዲህ ያለች ነጂ አንዲት ብቻ ያውቃል፤ አጥሩ ጋ ቆማለች። ወይ ፈጣሪ፣ ይሄ ሞተር ቁርጥ የሷ ነው!

ጉዱ የፈላው በሁለተኛው ዙር ይሄን ሲያስብ ነው። ከኮረብታው ጀርባ፣ ማንም በማያይበት መታጠፊያ ላይ፣ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሊያልፍ ሲል እግሩ የሠላሳ ዓመት ልማዱን አደረገ፤ ማርሹን ወደ ላይ አነሳው። ሞተሩ ወደ ሁለተኛ ወረደ። የኋላ ጎማው ተቆለፈና እየጮኸ ወደ ጎን ተንሸራተተ። የሚዛን ወገብ ከመቀመጫው ተነሳ፣ የሚስቱ ፊት ዓይኑ ላይ መጣ። ፍሪሲዮኑን ጨመቀ፤ ሞተሩ ሁለቴ ዘለለና ቀጥ አለ፣ ሣሩ ጠርዝ ላይ ሄዶ ቆመ። ሚዛን ሞተሩን አጥፍቶ እዚያው ቁጭ አለ። ፈርቶ ነበር፣ ምን ይደበቃል።

ትንሽ ሲረጋጋ ሌላ ሐሳብ መጣለት። «ማርሹ አያስተማምንም» ቢል ማን ይከራከረዋል? ግማሹ እውነት ነው እኮ። ሚስቱም ትገላገላለች፣ ልጁም ትተርፋለች። ይህን እያብላላ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

«እሺ አባዬ፣ የትኛው?» አለችው ልጁ። ሄልሜቷን አድርጋ ጨርሳለች። ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው፣ ያም ዓይን አባቷን እንደ ሰዓት ያምናል።

ውሸቱን ሊያወጣ አፉን ከፈተ። አልወጣም።

«ቀዩን ውሰጂ። ሊጥለኝ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ማርሹ ግልብጥ መሆኑን እያወቅሁ ሰላምታ ሳልሰጠው ወጣሁ። ከኮረብታው ጀርባ ጥቁር የጎማ መስመር ታያለሽ፣ የኔ ነው። እዚያ ስትደርሺ እግርሽን ተጠንቀቂው።»

ልጅቷ ጠዋት በር ላይ ሲንሾካሾኩ አይታለች። «እማዬ ምን ብላህ ነበር?»

«የምትለውን ነዋ።»

«እና?»

«እና ቀዩ ነው፣ እናቴ።»

ቀዩ ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። እግሯ ማርሹን መታ፣ መታ፣ መታ። አለቃው ሰዓቱን እያየ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተዋት» አለው ሚዛን፣ ተቆጥቶ። ሃያ አልፋ ሠላሳ ስትደርስ ዓይኗን ገለጠችና ወጣች።

ስልኩ የጮኸው ሁለተኛውን ዙር ልትጨርስ ስትል ነው።

«የቱን አልካት?» አለች ሚስቱ።

«ቀዩን።»

«ቀዩ ዘገምተኛው ነው?»

«አይደለም።»

የአባቱን ስም ጨምራ በሙሉ ስሙ ጠራችው። ትዘጋብኛለች ብሎ ሲጠብቅ አልዘጋችውም።

«የሚጮኸው እሷ ናት?»

«እሷ ናት። ሦስተኛውን ዙር ጀመረች።»

ድምፁ ከኮረብታው ጀርባ ገባና ጠፋ። «ምነው ጠፋ? አንተ! ምነው ጠፋ?»

«መታጠፊያው ነው፣ ጠብቂ» አላት። እሱም ትንፋሹን ይዟል። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ የምታልፍበት ቦታ ነው፣ ጥቁሩ መስመር ያለበት። ጆሮውን ሲቀስር ድምፁ ከሩቅ ተሰማው። ድምፁ አንዴ ተቆረጠ፣ ወዲያው ዝቅ ብሎ እንደገና እየጨመረ መጣ። አራተኛ ገብቷል። ሚዛን እንባው መጣ።

ዙሩን ጨርሳ ስታልፍ አለቃው ሰዓቱን ወደ ሚዛን አዞረለት። «አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት። ሰኞ ትምጣ።»

ሚስቱ በስልኩ ሰምታለች። አለቀሰች፣ ሳቀችም መሰል። «ስትወርድ ስልኩን ስጣት» አለችው። «ካንተ ጋ ግን ገና አልጨረስኩም።»