«አክቲቭ» ማለት «ኦርጅናል» መስሎኝ

ባለቤቴ ዘሀራ ሰባተኛ ሰፈር፣ መንገድ ላይ አንድ እግር ጫማዋ ወልቆ ቀረ፤ እሷ ግን አላወቀችም። የባቡሩ መንገድ እየተሠራ ሰፈሩ ተቆፋፍሮ ስለነበር፣ «አቧራው አደነዘዘሽ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት። እግሬን ጉንዳን ይወረኛል ካለችኝ ሰንብታ ነበር። ቀልዴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ክሊኒክ ስንሄድ የደሟ መጠን፣ ሄሞግሎቢኗ፣ ዝቅ ብሏል፣ ምክንያቱ በምርመራ ይታወቅ አሉን። እኔ ምርመራውን ለሌላ ቀን አልኩት። ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ ደንበኛዬ፣ «ፎሌት የሚሉት ቫይታሚን ነው የጎደላት። ይሄ ደሞ አክቲቩ ነው፣ እንደ ተራው እንዳይመስልህ» ብሎ አንድ ብልቃጥ ክኒን ሰጠኝ። መርካቶ ጨርቅ ስሸጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ኦርጅናሉን ከፎርጅዱ በእጄ ዳስሼ እለያለሁ። አክቲቭ ሲለኝ፣ ኦርጅናል ማለቱ ነው አልኩ በልቤ። ኦርጅናል ቢበዛ ምን ይጎዳል ብዬም በቀን አንድ የሚለውን ሁለት አደረግሁት።

ፊቷ ወዛ። ደሟም ሲለካ ከፍ አለ። ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

እግሯ ግን ባሰባት። ግድግዳ ይዛ መሄድ ጀመረች። ለውዱእ ፊቷን ስትታጠብ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች ወደቀች። አነሣኋት። እግሮቿ የት እንዳሉ አይታወቃትም።

ሆስፒታል ያየቻት ወጣት ሐኪም ስለ ጨጓራዋ ጠየቀች፤ ለዓመታት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ስትወስድ ኖራለች። የቢ ትዌልቭ ቫይታሚን ምርመራ አዘዘች። ውጤቱ ሲመጣ ብልቃጡን አሳየኋት።

«ኦርጅናል ነው እኮ!» አልኳት።

«ይሆናል፣ ጋሼ። የጎደላት ግን ቢ ትዌልቭ ነው፤ የጨጓራው መድኃኒት ለዓመታት ሲወሰድ ይቀንሰዋል። አክቲቭ ማለት ሰውነት ሳይቀይረው የሚጠቀምበት ማለት ነው። ፎሌቱ ደሟን ሲያስተካክለው የቢ ትዌልቩ እጥረት ተሸፈነብን፤ ነርቯ ግን መጎዳቱን አላቆመም።»

«ይመለሳል?»

«የተወሰነው። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ…»

የቢ ትዌልቩ መርፌ ተጀመረ፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ኋላ እየራቀ፣ እሷም በክንዴ ተደግፋ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ጎረቤት እያለች፣ አሁን በከዘራ ብቻዋን ጭድ ተራ እህቷ ቤት ትደርሳለች። ውስጥ እግሯ ግን እንደደነዘዘ ቀረ።

ፎሌት መጥፎ ነው አላልኩም፤ ለነፍሰ ጡር ሐኪም ካዘዘላት ትውሰድ። ግን እግራችሁ እየደነዘዘ ደማችሁ ካነሰ፣ ቢ ትዌልቫችሁን ሳታስለኩ አትጀምሩት። መጠኑንም በራሳችሁ አትጨምሩ። የምትውጡትን ሁሉ፣ የጨጓራውንም፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

አልሐምዱሊላህ፣ ያቺን ሐኪምም አላህ ያክብራት። ዘሀራ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ እየጠቆመች፣ «እሱ ባይኖር አልድንም ነበር» ትላለች። እኔ ያኔ ቀና ብዬ አላያትም።