ሰፊው ደረጃ

ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ሰውዬው እርሳሱን ጥሎ ወደ ዲዛይን ትምህርት ክፍሉ መስኮት ይሄዳል። ኢሞጅን ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ መሥራት ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ተረጋግቶ ሲቀመጥ አላየችውም። ለምሳ የያዘውን የሥጋ ፓይ እንኳ የሚበላው ቆሞ ነው። ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል፤ ቦት ጫማው ላይ የከረመ ጭቃ ደርቋል፣ አይጠርገውም።

ተማሪው ሁሉ በየጊዜው እየሞላ ሰፈሩን በሚያጥለቀልቀው በብሪስቤን ወንዝ ዳር ለሚሠራ መናፈሻ ሞዴል በካርቶን እየሠራ ነው፤ አንድ ንጣፍ ካርቶን የአንድ ሜትር ከፍታ ነው። ሌላው ውሃው ዳር ካፌና ዛፍ ሲደረድር እሱ ኮረብታ ይቆልላል፤ ያፈርሰዋል፤ ከፍ አድርጎ እንደገና ይቆልላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሂማላያን ልትሠራ ነው እንዴ?» ትለዋለች ኢሞጅን።

«ትንሽ ይቀረዋል» ይላል፣ ሳይስቅ።

ሥራቸው በሚገመገምበት ቀን መምህሩ ዴስ ኮረብታውን ትቶ ወደ አናቱ በሚያወጣው ደረጃ ላይ አፈጠጠ። ማስመሪያውን አስጠጋ።

«ሦስት ሜትር ስፋት? ማንም ለማይወጣው ጉብታ? ሙሽራ ልታሳልፍበት ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ማስመሪያውን በጣቱ ገፋ አደረገው።

«ወንዙ ሲሞላ ሁለት ሰው፣ ወንበር ላይ የተቀመጠች አሮጊት ግራና ቀኝ ይዞ እንዲወጣበት ነው።»

«አንድ ጠንካራ ሰው ብቻውን አዝሏት አይወጣም?»

«አይችልም» አለ። «ሞክሬዋለሁ።»

ሳቁ ጠፋ። ኢሞጅን የራሷን መናፈሻ አየች፤ ካፌ አለው፣ ዛፍ አለው፣ መውጫ የለውም። ዴስ ነጥቡን ሊነግረው ዞር ሲል ሰውዬው ቦታው ላይ አልነበረም። መስኮቱ ጋ ቆሟል። ዝናቡ ጀምሯል።