ለአራት መሣሪያ የጻፍኩት ኮረብታ

ኮረብታው ስም አልነበረውም፤ እኛ በቁጥር ነበር የምንጠራው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ «ያዙት» የሚል ትዕዛዝ መጣ። አሥራ ሁለት ነበርን። እኔ ሬዲዮ ተሸካሚ ነበርኩ። ወጣን። ሦስት ሰዓት ላይ ከግራ በኩል መትረየስ ተከፈተብን። ተኛን። የቁይ ከተማ ልጅ የነበረው አሥር አለቃ ሙላት አጠገቤ ወደቀ። ሆዱን ነበር የተመታው።

«ውሃ አለህ?» አለኝ።

ኮዳዬ ባዶ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ኮረብታውን ያዝነው። በማግስቱ «ልቀቁት» ተባልን፤ ለቀቅነው።

ከሠራዊቱ ስወጣ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ከመዝመቴ በፊት የተማርኩትን ቫዮሊን እያስተማርኩ እኖራለሁ። አምና ዓለም የምትባል ሠዓሊ ጦርነትን የሚቃወም ሥዕል ከተማው ውስጥ ባለ አዳራሽ ሰቀለች። የተራቆተ ዳገት ነው፤ ታጥቦ ገመድ ላይ የተሰጣ የወታደር ልብስ አለበት። ሰው የለበትም። ፊቱ ቆምኩ፤ ምንም አልተሰማኝም። ዘበኛው መጥቶ «ጋሼ፣ ልንዘጋ ነው» ሲለኝ ነው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እዚያ መቆሜን ያወቅሁት። በሳምንቱ ስለዚያ ኮረብታ ሙዚቃ መጻፍ ጀመርኩ፤ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለዋሽንትና ለክራር።

በልምምድ ላይ ዋሽንት ነፊው በጣም አሳዝኖ ነፋው።

«እንደሱ አይደለም፤ ደረቅ አድርገው» አልኩት።

«ሐዘን አይደለም እንዴ ጋሼ?»

«ያን ቀን ማናችንም አላለቀስንም።»

ሙዚቃው የሚቀርበው የዓለም ሥዕል በተሰቀለበት አዳራሽ ነበር፤ የዝግጅቱ አስተባባሪ ደግሞ መጨረሻው ላይ ሽለላ እንድጨምር ፈለገ። «ሕዝቡ ሞቅ ብሎት ይውጣ እንጂ» አለ። እምቢ አልኩ። ከመርሐ ግብሩ እሰርዘዋለሁ አለ። ዓለም «እንግዲያው ሥዕሌም ይወርዳል» ስትለው ተወን።

ሙዚቃው በቀረበ ቀን የሙላት እናት እማማ ጥሩዬ ከቁይ መጡ። የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ሲያልቅ ክንዴን ያዙ።

«ልጄ ሲሞት ምን አለ?»

ለዓመታት «ወዲያው ነው ያረፈው» እያልኩ ዋሽቻቸዋለሁ።

«ውሃ ጠየቀኝ እማማ። አልነበረኝም።»

«እንደጠማው ሄደ በለኛ» አሉ።

«አዎ።»

ክንዴን ግን አልለቀቁትም። መናኸሪያ ድረስ እንደዚያው ሄድን።

ከአሥራ ሁለታችን ሰባቱ ኮረብታው ላይ ቀሩ። ከተረፍነው አንዱ አገሩ ገብቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ በሦስተኛው ዓመት ራሱን አጠፋ። ስንት ሰው እንደሞተብን ሲጠይቁኝ አንዳንዴ ሰባት፣ አንዳንዴ ስምንት እላለሁ።